ሠዓሊስ ዶክተር ይሆናልን?

(በተማሪዎች ማኅበር የዓርብ ምሽት ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)

ባለፈው ክረምት ወደ አገር ቤት ወርጄ አጎቴ ዘንድ ሰነበትሁ። አጎቴ ጠያቂ ሰው ናቸው። አንድ ማታ እራት ተበልቶ ቡና ሲጠጣ «ለመሆኑ ይህ ትምህርት መቼ ነው የሚያልቀው?» አሉኝ። ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቴ መሆኑን፣ ከዚያ በኋላም ከቀናኝ እስከ ዶክትሬት ድረስ ለመቀጠል እንደማስብ ነገርኋቸው። ፊታቸው በራ። «በምን?» አሉ። «በሥነ ጥበብና በዲዛይን» አልሁ። ጥቂት ዝም ብለው ቈዩና «እንግዲያው ዶክተር ስትሆን የምታክመው ሥዕሉን ነው ወይስ ሠዓሊውን?» ብለው ጠየቁኝ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ነገር ግን መልስ አልነበረኝም። ዛሬ እፊታችሁ የቆምሁት ያን ጊዜ ያጣሁትን መልስ ለመፈለግ ነው። አጎቴ እዚህ ባይኖሩም ከእሳቸው የከበዱ ጠያቂዎች በፊተኛው መደዳ ተቀምጠው ስለማይ ተጠንቅቄ እናገራለሁ።

«ዶክተር» ማለት በላቲን መምህር ማለት ነው፤ ስሙ ከሐኪሞች ጋር ተጣበቀ እንጂ የነሱ ብቻ አልነበረም። ዛሬ ይህ ማዕረግ የሚሰጠው በአንድ ዋና ግዴታ ነው፤ ይኸውም ተማሪው ከእሱ በፊት ያልታወቀ ነገር አግኝቶ፣ ያገኘውን ሌላ ሰው ሊመረምረውና ሊከራከርበት በሚችል መልክ እንዲያቀርብ ነው። ኬሚስቱ ይህን ሲያደርግ የሚደነቅ የለም። የታሪክ ሰውም እንዲሁ። ስለ ሥዕል መጻፍም ቢሆን ክርክር አያስነሣም፤ ዶክተር ኤልሳቤጥ ወልደ ጊዮርጊስ በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ከሠሩ በኋላ በኢትዮጵያ ስላለው ዘመናዊ ሥነ ጥበብ የጻፉት መጽሐፍ በ2019 ሲታተም «ይህ ምርምር ነውን?» ብሎ የጠየቀ አልሰማሁም። (ዛሬ ያለ ምልክት የምጠራቸው ዓመታት የአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው፤ የኛን ስጠራ ዓ.ም. እላለሁ።) ክርክሩ የሚነሣው ሠዓሊው ራሱ ሸራውን ተሸክሞ መጥቶ በፈታኞች ፊት አቁሞ «ምርምሬ ይህ ነው» ያለ እንደ ሆነ ነው። ሸራው ምን አዲስ ዕውቀት አመጣ? ስሕተት ቢሆንስ ስሕተቱ እንዴት ይታወቃል?

በዚህ ነገር አጥብቀው ከተከራከሩት አገሮች አንዷ እንግሊዝ ስለ ሆነች የእሷን ታሪክ በጥቂቱ ላንሣ። ቀድሞ በዚያ አገር የሥዕል ትምህርት ቤት ለመግባት የሚመጣ ወጣት እጁ ከሠራ ስለ ሌላው ብዙ አይጠየቅም ነበር። በ1960 በሠዓሊው በሰር ዊልያም ኮልድስትሪም ሊቀ መንበርነት የሚመራ ኮሚቴ አዲስ ዐሳብ አቀረበ። በዚያም መሠረት ለመግባት አምስት የሁለተኛ ደረጃ ፈተናዎችን ማለፍ፣ ከገቡም በኋላ የሥነ ጥበብ ታሪክ መማርና መጻፍ አስፈላጊ ሆነ። የታሰበው የጥበብ ትምህርት ከሌላው የከፍተኛ ትምህርት ጋር በክብር እንዲተካከል ነበር። በሜይ 1968 የሆርንዚ የጥበብ ኮሌጅ ተማሪዎች ኮሌጃቸውን ይዘው ሌሊትና ቀን ሲወያዩ ካነሧቸው ቅሬታዎች አንዱ ይኸው የመግቢያ ደንብ ነው። ይህ ለተማሪዎች ማኅበር ሰዎች ለብቻው ንግግር የሚገባው ታሪክ ስለ ሆነ ለሌላ ዓርብ ላቆየው።

በዚያው ዓመት ደግሞ ከሆርንዚ ብዙም ሳይርቅ፣ ያለ ጩኸት፣ ሌላ ነገር ተደረገ። በ1837 የተመሠረተው ሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት በ1967 ራሱ ዲግሪ የሚሰጥበትን ንጉሣዊ ቻርተር ተቀብሎ ነበርና፣ በ1968 ብሩስ አርቸር የሚባል መሐንዲስ የዲዛይን ሥራ ውስጡ እንዴት እንደ ተዋቀረ በሚተነትን ጽሑፍ ከዚሁ ኮሌጅ ዶክትሬቱን ተቀበለ። አርቸርን ያነሣሁት ግን በጽሑፉ ምክንያት ብቻ አይደለም። በእነዚያ ዓመታት እሱና ባልደረቦቹ የሆስፒታል አልጋ ሠርተዋል። ያን ጊዜ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ያለው አልጋ ዓይነቱ ብዙ፣ ከፍታውም ልዩ ልዩ ነበር፤ ነርሷ ስታጐነብስ ወገቧ ይጐዳል፣ በሽተኛው ሲወርድ እግሩ መሬት አይደርስም። እነ አርቸር ወንበር ላይ ተቀምጠው አልጋ አልሣሉም። በሆስፒታል ውስጥ ሥራው እንዴት እንደሚካሄድ አጠኑ፣ ሞዴል ሠሩ፣ ሞዴሉን በሽተኞች ተኝተውበት ነርሶች እየሠሩበት አስፈተኑት፣ የተገኘውን ጕድለት መዝግበው እንደገና ሠሩት። ከፍና ዝቅ የሚለው አልጋቸውም ለአገሩ ሆስፒታሎች መለኪያ ሆነ። አጎቴ «ምን ታክማለህ?» ላሉኝ ይህ አንድ መልስ ነበር፤ በጊዜው ትዝ አላለኝም እንጂ።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ እንደ አልጋው ንጹሕ አይደለም፤ እውነቱን ሳልደብቅ ልናገር። ከኮልድስትሪም በኋላ ብዙዎቹ የእንግሊዝ የጥበብ ትምህርት ቤቶች ፖሊቴክኒክ ከሚባሉት ኮሌጆች ጋር ተዋሐዱ። በ1992 በወጣ ሕግ ፖሊቴክኒኮቹ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ዩኒቨርሲቲ ሲሆኑ ለምርምር የሚሰጠውን የመንግሥት ገንዘብ ከቀድሞዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር መሻማት ጀመሩ፤ ገንዘቡም የሚከፋፈለው የምርምሩ ሥራ እየተመዘነ ነው። እንግዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ ሸክላ ሲያስተምር የኖረ መምህር አንድ ቀን ጧት «ምርምርህ የት አለ?» የሚል ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ አገኘ። በጥበብና በዲዛይን የሚሰጠው ዶክትሬት በዚያ አገር እንዲያ የበዛው ለዕውቀት ካለ ፍቅር ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር አትመኑት። የበጀትም እጅ አለበት።

ከዚህ ሁሉ ውዥንብር መካከል ነገሩን ያጠራልን በ1993 የታተመ አንድ አጭር ጽሑፍ ነው። ጸሓፊው በሮያል ኮሌጅ የባህል ታሪክ መምህር የነበሩት፣ በኋላም የኮሌጁ ኃላፊ የሆኑት ክሪስቶፈር ፍሬይሊንግ ናቸው። ምርምርን በሦስት ከፈሉት። አንደኛው ስለ ጥበብ የሚደረግ ምርምር ነው፤ ታሪኩ፣ ትርጕሙ፣ በማኅበራዊ ኑሮ ውስጥ ያለው ቦታ። ሁለተኛው በጥበብ አማካይነት የሚደረግ ነው፤ አንድን ቀለም ወይም ብረት ለአዲስ ሥራ መፈተን፣ መሣሪያ ማሻሻል፣ እየሠሩ ያዩትን በየቀኑ መመዝገብ። ሦስተኛው ለጥበብ የሚደረግ ነው፤ የዚህ ፍሬ የተሠራው ነገር ራሱ ስለ ሆነ፣ ዐሳቡ በቃል ተገልጦ ሳይሆን በዕቃው ውስጥ ተቀምጦ ነው የሚገኘው። ፍሬይሊንግ እሾኹ ያለው በሦስተኛው ላይ መሆኑን አልሸሸጉም። ጽሑፉ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሰዎቹ ግን ዛሬም በነዚሁ ሦስት ክፍሎች ይከራከራሉ።

እኔ በበኩሌ ሦስተኛውን ለሊቃውንቱ ትቼ በሁለተኛው እጸናለሁ፤ ምክንያቴን በአንድ ሰው ታሪክ ላስረዳ።

ጄራርድ ኡንገር የሚባሉ የኔዘርላንድስ ሰው ነበሩ፤ በ2018 አርፈዋል። ሥራቸው ፊደል መንደፍ ነው። በ1985 ለጋዜጣ ብለው የሠሩት «ስዊፍት» የተባለው የላቲን ፊደል በብዙ አገር ታትሞበታል። በእንግሊዝ በሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ፣ በአገራቸውም በላይደን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነው አስተምረዋል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ስም ያለው ሰው ዶክትሬት ምን ያደርግለታል? ነገር ግን ኡንገር አንድ የሚያብሰለስላቸው ጥያቄ ነበር። በ11ኛውና በ12ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት ድንጋይ ላይ የተቀረጸው ፊደል እንደ ሮማውያኑ አንድ ወጥ አይደለም፤ በአንድ ድንጋይ ላይ አንዱ ፊደል በሁለትና በሦስት መልክ ይገኛል፤ ግን ገጹ አይረበሽም። ይህ ነጻነት ወደ ዛሬ የኅትመት ፊደል ሊገባ ይችላልን? ቢገባስ ዐይን ይቀበለዋልን? ሰውየው እነዚያን ጽሑፎች ሰብስበው አጠኑ፤ ከጥናቱም ተነሥተው «አልቬራታ» የተባለ ፊደል ሠሩ። በ2013 በ71 ዓመታቸው ፊደሉንና እንዴት እንደ ተወለደ የሚተርከውን ጽሑፍ ይዘው በላይደን ለፈተና ቀረቡ።

ስለ ላይደን ፈተና ትንሽ ልጨምር፤ ወጉ ስለሚያስደስተኝ ነው። ዩኒቨርሲቲው በ1575 የተመሠረተ ነው። ተፈታኙ ከመጠራቱ በፊት የሚቀመጥባት አንዲት ጠባብ ክፍል አለች፤ ስሟ በአገሩ ቋንቋ የላብ ክፍል ማለት ነው። ያለፉት በግድግዳዋ ላይ ፊርማቸውን ያኖራሉ። ፈተናው በአደባባይ ነው፤ ፕሮፌሰሮቹ በየተራ ይጠይቃሉ። አርባ አምስት ደቂቃ ሲሞላ በትር የያዘ ሰው ገብቶ በላቲን ሰዓቱ መድረሱን ያውጃል፤ ያን ጊዜ ዐረፍተ ነገሩ ያልተጨረሰ ቢሆን እንኳ ክርክሩ ያበቃል። ከዚህ ሁሉ ሥርዓት ውስጥ የሚያስቀናኝ ግን በትሩ አይደለም። እዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡት አዛውንት «ይህን ፊደል እንዲህ ያደረግሁት በዚህ ምክንያት ነው፤ እንዲያ ሞክሬው ነበር፤ በዚህ ምክንያት ተውሁት» ለማለት መቻላቸው ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጕዳይ ልመጣ ነው። እንደምታውቁት ከማኅበራችን ጋዜጣ ስቴንስል መቺዎች አንዱ ነኝ፤ ስለዚህ የምናገረውን ኃጢአት በሌላ ሰው አላሳብብም። መቶ፣ ሁለት መቶ ቅጅ ከወጣ በኋላ ስቴንስሉ ይላላል፣ ቀለሙም መስፋት ይጀምራል። ያን ጊዜ ከሁሉ በፊት የሚሞተው የኃምስ ቀለበት ነው። ቀለበቱ በቀለም ይደፈንና «ሌ» «ሊ»ን፣ «ሴ» «ሲ»ን፣ «ቤ» «ቢ»ን ይመስላል። ዐምና አንድ ጓደኛችን ስለ ፈተና ሰሞን በጻፈው ጨዋታ «የመጨረሻው ደወል እንደ ተደወለ በቀጥታ ወደ ቤቴ ሮጥሁ» ብሎ ነበር። ከገጹ ላይ የተነበበው «በቀጥታ ወደ ቤቲ ሮጥሁ» የሚል ነው። ልጁ ቤቲ የምትባል እንደማያውቅ ወር ሙሉ ሲምል ከረመ። እስከ ዛሬ ያመነው ያለ አይመስለኝም።

ስንስቅ ከቈየን በኋላ ግን ነገሩ ያሳስበኝ ጀመር። ጸሓፊው ብራናውን በወስፌ አስምሮ መቃውን ጠርቦ ሲጽፍ፣ ወደ ታች የሚወርደው መስመር ይወፍራል፣ ወደ ጐን የሚሄደው ይቀጥናል። የፊደላችን ግርማ ከዚህ የመጣ ነው። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ካዕቡን ከግዕዙ፣ ሣልሱን ከካዕቡ ለይተን የምናውቀው በአብዛኛው ወደ ጐን በምትወጣው በዚያችው ትንሽ ቀጭን መስመር ነው። ፊደሉ አንሶ በመጥፎ ወረቀት ሲታተም ወፍራሙ ቋሚ ይቀራል፣ ቀጭኗ ትጠፋለች። ይህ ማለት ትርጕም የተሸከመው ክፍል አስቀድሞ ይሞታል ማለት ነው። በብራና ላይ ችግር አልነበረም፤ የብራናው ፊደል ትልቅ ነበርና።

የግዕዝ ፊደል በማተሚያ ቤት ከተቀረጸ ከ500 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ በ1513 ሮማ ላይ መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ፤ በ1548 እና በ1549 ደግሞ የደብረ ሊባኖሱ መነኵሴ አባ ተስፋ ጽዮን በዚያው በሮማ ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተሙ። በአገራችን ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ። ኢንጂነር አያና ብሩ ፊደሉን ከጽሕፈት መኪና ጋር ለማስማማት ደከሙ። በ1999 ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር የፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ ገባ። በዚህ ሁሉ ዘመን የፊደሉን መልክ የነኩት እጆች ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን አንዱ ያየውን ለሚቀጥለው የሚያስረክብበት መዝገብ አልተበጀም፤ እያንዳንዱ ከ«ሀ» ይጀምራል።

ሌላ አገር ይህ ሥራ ተሠርቷል። ፊዮና ሮስ የሚባሉ እንግሊዛዊት ከ1778 እስከ 1978 በኅትመት የዋለው የቤንጋሊ ፊደል እንዴት እንደ ተለወጠ አጥንተው በ1988 ከለንደን ዩኒቨርሲቲ የምሥራቅና የአፍሪካ ጥናት ትምህርት ቤት ዶክትሬታቸውን ተቀብለዋል። ሴትዮዋ በቤተ መጻሕፍት ብቻ የተቀመጡ አልነበሩም፤ ሊኖታይፕ በሚባለው ድርጅት ውስጥ ከነዳፊው ከቲም ሆሎዌይ ጋር ሆነው አዲስ የቤንጋሊ ፊደል ሠርተዋል፤ የካልካታው ታላቅ ጋዜጣ አናንዳ ባዛር ፓትሪካም ተጠቅሞበታል። የቤንጋሊም ፊደል እንደ ኛው በየፊደሉ ላይ የአናባቢ ምልክት የሚጨምር ነው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ «የኛስ?» ሳልል አልቀረሁም።

ጥያቄዬን በአንድ ዐረፍተ ነገር ላስቀምጠው። የግዕዝ ፊደል አንሶ ሲታተም ካዕቡ፣ ሣልሱና ኃምሱ ሳይምታቱ እንዲነበቡ ቅርጹ ምን ያህል ሊለወጥ ይችላል፣ ከምን በኋላስ ነው አንባቢው «ይህ የኔ ፊደል አይደለም» የሚለው? ይህን በመጽሐፍ ብቻ መመለስ አይቻልም፤ መንደፍ፣ ማተም፣ ለሰው ማስነበብ፣ እንደገና መንደፍ ይጠይቃል። በመንደፍ ብቻም አይመለስም። እስካሁን 40 ያህል ዓይነት ሞክሬአለሁ። ቀለበቱን ባሰፋው ፊደሉ ተንጋደደ፤ ወደ ውጭ ባወጣው ከሚቀጥለው ፊደል ጋር ተጋጨ፤ ቀለበቱን ከፍቼ ብተወው ሌላ ፊደል መሰለ። ከ40ዎቹ ስድስት ተርፈዋል። የቀሩትን 34 ምን አደረግኋቸው ብትሉኝ፣ ቀድጄ ጣልኋቸው። አንድ መምህራችን ይህን ሲሰሙ ራሳቸውን ይዘው «ዶክትሬቱን እኮ ነው የጣልኸው!» አሉኝ።

ነገሩ የገባኝ ያን ቀን ነው። ለደንበኛ የሚሠራ ነዳፊ የተሳካለትን አንዱን ያስረክባል፤ የወደቁት የእሱ ምሥጢር ናቸው። ዶክትሬት የሚማር ሰው ግን የወደቁትንም ከነምክንያታቸው ማስረከብ አለበት፤ ከእሱ በኋላ የሚመጣው እንደገና በዚያው ጕድጓድ እንዳይወድቅ። በብዙ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች የጽሑፍ ብቻ ዶክትሬት እስከ 80 ሺህ ቃል ሲፈቀድለት፣ ከተሠራ ሥራ ጋር የሚቀርበው ጽሑፍ ወደ 40 ሺህ ገደማ ይሆናል። ብዙ ተማሪ የሚፈራው ይህን ጽሑፍ ነው። እኔ ግን ጽሑፉ የነዚያ የ34ቱ ታሪክ ነው ብዬ ሳስበው ፍርሃቱ ቀለለኝ፤ ስለ ወደቀ ነገር የሚጽፈው ሰው ቃል አያጣም።

የተቃዋሚዎችን ነገር ዘልዬ ብሄድ ሐቀኛ አልሆንም። የማከብራቸው አንድ ሠዓሊ «ማብራሪያ የሚፈልግ ሥዕል ገና አላለቀም» ይላሉ። ልክ ናቸው። ሥዕሉን ለሚያየው ሰው ሠዓሊው የማብራሪያ ዕዳ የለበትም፤ የሥራ ባልደረባውን ግን ዶክተር ልባል ካለ ዕዳ አለበት። ሁለተኛው ተቃውሞ ከተፈጥሮ ሳይንስ ጓደኞቻችን ሠፈር የሚመጣ ነው፤ «ቤተ ሙከራችሁ የት ነው?» ይሉናል። ማባዣው ክፍል ነው፤ መጥታችሁ እጃችሁን አጥቍሩ። ሦስተኛውና እውነተኛው የማዕረግ ፍቅር ነው። በአገራችን «ዶክተር» የሚለው ቃል ከስም በፊት ሲገባ ሰው ከወንበሩ ያስነሣል፤ ሥዕሉን ትቶ ወንበሩን የሚሻ ሰው እንደሚኖር አልጠራጠርም። እንዲህ ያለው ሰው አራት ዓመት ሙሉ ብሩሹን ሰቅሎ የማይገባውን የፈረንሳይ ፍልስፍና ሲገለብጥ ይኖራል፤ ሲጨርስ ሥዕሉም የለ፣ ፍልስፍናውም የለ።

የተሠራን ነገር አቅርቦ መመረቅ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው የሚለውን ግን አልቀበልም። የዋድላን፣ የጎንጅን፣ የዋሸራን ወግ አስቡ። የቅኔ ተማሪ ስለ ቅኔ በቃሉ ያጠናውን ብቻ በመመለስ መምህር አይሆንም፤ ራሱ አዲስ ቅኔ ቈጥሮ በመምህሩ ፊት ይናገራል። መምህሩም ሰምና ወርቁን ያስፈታዋል፣ አገባቡን ይመረምራል፣ ያርማል። የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ የመጣ እንደ ሆነ ያፍራል። ሥራውም አለ፣ ክርክሩም አለ፣ አዲስ የመሆኑም ግዴታ አለ። ፍሬይሊንግ ይህን ቢያዩ ከሦስቱ ክፍሎች በየትኛው እንደሚያስገቡት ባውቅ ደስ ባለኝ።

እንግዲህ ለእኛ የሚሻለው የቱ ነው? አገሮቹ ሁሉ አንድ መንገድ አልሄዱም። የአሜሪካ የኮሌጅ ሥነ ጥበብ ማኅበር በ1977 ለሚሠራ ሠዓሊ የመጨረሻው ዲግሪ የፋይን አርትስ ማስተርስ ነው ብሎ ስለ ወሰነ፣ በዚያ አገር ሠዓሊው ያለ ዶክትሬት ፕሮፌሰር ሊሆን ይችላል። የቶኪዮ የጥበብ ዩኒቨርሲቲ በዚያው በ1977 የዶክትሬት ትምህርት ጀመረ። ስዊድን በ2010 ከሳይንሱ ዶክትሬት የተለየ የጥበብ ዶክትሬት በሕግ አቋቋመች። ኖርዌይ ከ2003 ጀምሮ ለሠዓሊዎችና ለሙዚቀኞች የምርምር ጊዜ ስትሰጥ ቈይታ በ2018 ወደ ዶክትሬት አሳደገችው። ሁሉም ሜትሩን የቈረጠው በራሱ ልክ ነው።

የእኛን አገር ዘመናዊ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ የተማሩ ነበሩ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከኮሎኝ፣ እስክንድር ቦጎስያን ከለንደንና ከፓሪስ ተመልሰው አስተማሩበት። ሲያስተምሩ ራሳቸው እየሣሉ ነው። ትምህርት ቤቱ ዛሬ በመሥራቹ ስም ተጠርቶ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኗል። ከዚሁ ትምህርት ቤት ተነሥተው በናይጄሪያና በአሜሪካ የተማሩት ዶክተር አቻምየለህ ደበላ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ሠርተው በኮምፒዩተር ከሚሥሉት ቀዳሚዎች አንዱ ሆነዋል፤ ስለዚህ መንገዱ በኛ ሰው ያልተረገጠ አይደለም።

ነገር ግን የጥበብ ትምህርት ቤት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሲገባ የዩኒቨርሲቲው ሜትር አብሮ ይመጣል። ያ ሜትር ገጽ ይቈጥራል፣ ሸራ አይቈጥርም። እኔ ራሴ አንድ የውጭ አገር ማመልከቻ ስሞላ «የታተሙ ሥራዎች» ከሚለው መስመር ሥር የነደፍሁትን ፊደል ስም ብጽፍ «የታተመ አይደለም» ተብሎ ተመለሰልኝ። ሁለት መቶ ቅጅ አባዝቼበት ነበር! እንግዲህ ሁለት ነገር እፈራለሁ። አንዱ፣ ዶክትሬት በጥበብ መምህር ሁሉ ላይ ግዴታ ሆኖ እጁ የተባረከ ግን ወረቀት የሌለው ሰው ከክፍል እንዲወጣ መደረጉ ነው፤ ያን ጊዜ ብራና የሚፍቀውን፣ ቀለም የሚበጠብጠውን፣ ሸክላ የሚያነሣውን ባለ እጅ ማን ያስተምረናል? ሁለተኛው፣ ከዚህ ሸሽተን ጭራሹን በሩን መዝጋታችን ነው። እኔ የምለው፣ በማንም ላይ ግዴታ አይሁን፤ ሳይሠሩት የማይመለስ ጥያቄ ላለው ሰው ግን በሩ ይከፈት፤ ሥራውም ከጽሑፉ ጋር እኩል ይፈተን፤ ከፈታኞቹም ቢያንስ አንዱ ያንን ሥራ በእጁ የሚሠራ ሰው ይሁን። ደንቡ በሌላ ሰው ተጽፎ ሳይመጣብን እኛና መምህሮቻችን ተቀምጠን ብንጽፈው ይሻላል። የማኅበሩ ኮሚቴ ይህን ለመምህራን ጉባኤ የሚቀርብ ጥያቄ አድርጎ እንዲመዘግብልኝ እለምናለሁ።

ለመሄድ ላሰባችሁ ጓደኞቼ ከጠያየቅሁት ጥቂት ልንገራችሁ። ከተማ አትምረጡ፣ አማካሪ ምረጡ፤ ሰውየው ወይም ሴትዮዋ የሠሩትን አይታችሁ ጻፉላቸው። የሚጠየቀው ዋና ነገር ጥቂት ገጽ የምትሆን የጥያቄ ጽሑፍ ናት፤ «ስለ ኢትዮጵያ ጥበብ ማጥናት እፈልጋለሁ» የሚል ጥያቄ አይደለም። ጊዜው በሙሉ ቀን ሦስት ወይም አራት ዓመት ነው። ገንዘቡ ከሁሉ ይከብዳል፤ የነጻ ትምህርት ዕድል ሳይያዝ የሚሄድ ሰው ሳህን ሲያጥብ ዓመቱ ያልፍበታል። የወደቁትን ሥራዎቻችሁንም ከዛሬ ጀምሮ አስቀምጡ፤ ጀርባቸው ላይ ቀን ጻፉበት።

በላይደን ቢሆን ኖሮ ባለ በትሩ ሰው ገና ድሮ በገባ ነበር፤ ሊቀ መንበራችንም ሰዓታቸውን ማየት ከጀመሩ ቈይተዋል። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ከበሩ በስተግራ ስድስት ወረቀቶች ለጥፌአለሁ፤ ከ40ዎቹ የተረፉት ናቸው። በእያንዳንዱ ላይ ዐሥራ ሁለት ቃላት በጋዜጣችን ፊደል መጠን፣ በደከመ ስቴንስል ተባዝተዋል። ከመውጣታችሁ በፊት መሬት ላይ ከተሰመረው መስመር ሳታልፉ አንብባችሁ ያነበባችሁትን በየሥሩ በተቀመጠው ወረቀት ላይ ጻፉልኝ። መነጽር የምታደርጉ «መ» ጨምሩበት። ከጎረቤት አትገልብጡ፤ የተሳሳተውም ይጠቅመኛል። «ቤቴ»ም «ቤቲ»ም አሉበት፤ የቱ የት እንዳለ ግን አልናገርም።